ፊደል የለጠፍኩበት ክራር

የወሎ ሰው ሁሉ ከእናቱ ሆድ ክራር ይዞ የሚወጣ የሚመስለው አዲስ አበቤ ብዙ ነው። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ «ባቲ» እላለሁ። ወዲያው የጠያቂው ፊት ይበራል። «እስቲ አንዴ አንጎራጉሪልን!» ይለኛል። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ በሰርግ ቤት «አንቺ ጠሂራ፣ አትዝፈኚ፤ ዝም ብለሽ አጨብጭቢ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ትንሽ ቆይተው ጭብጨባውንም ተይው አሉኝ፤ ሙሽራው እግሩ ጠፋበት።

ስለዚህ በመርካቶ፣ ያውም በአብዮቱ ዘመን፣ በሕዝብ ፊት ክራር ይዤ መቆሜን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ «ሌላ ጠሂራ ትሆናለች» ነው ያለው። ሌላ አልነበረችም። እኔው ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ጀሚላ ናት። ያኔ ጭድ ተራ አጠገብ ፍራሽ እንሠራ ነበር። ባለቤቴ በሽር የፍራሹን ጨርቅ በሲንጀር ይሰፋል፤ እኔ ጭድ እሞላለሁ፣ አፉን እጠልፋለሁ፣ ሲባጎውን እስኪጮህ ድረስ እወጥራለሁ። በእኛ ሥራ የላላ ነገር ሁሉ ጥፋት ነው። ያልተወጠረ ፍራሽ ሳይሰነብት መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ገዢው በራሱ ላይ ተሸክሞት ይመጣና ሰፈር እስኪሰማ ይሰድብሻል።

ጀሚላ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ቀበሌያችን ለኪነት ቡድኑ ልጆች ሲመርጥ፣ ጣቷ ክራር ላይ ሲያርፍ ያየው አሠልጣኝ ጋሽ ደምመላሽ «ይቺን ልጅ እንዳትለቁብኝ» አለ አሉ። ልምምዱ ከትምህርት ቤት መልስ፣ መሳለሚያ አጠገብ ባለው የቀበሌው አዳራሽ ነው። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትላለች። እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ።

ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ወንድሜ እንድሪስ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ስኳር ሊገዛ ከቤታችን ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ እስካየው ድረስ፣ ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ ለእኔ የጠፋ ሰው ነው። በሽር ሽንት ቤት ሲቆይ እንኳ ከውጭ ቆሜ «አለህ?» እያልኩ እጣራ ነበር። «የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» ይለኛል ከውስጥ።

እንዳልከለክላት ደግሞ ነገሩ የቀበሌ ነው። ያኔ «ልጄ ኪነት አትገባም» ማለት «ለምን?» የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ አንዴ ከቤት ከገባ ሻይ ጠጥቶ የሚሄድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ አልከለክላትም፣ አልለቃትምም ብዬ ወሰንኩ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደማደርጋቸው ግን አላሰብኩበትም።

መጀመሪያ ሻርፗን ይዤላት ሄድኩ፤ ብርድ ነው ብዬ። ቀጥሎ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ቀጥሎ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ፤ ወሩ ጥር ነበር። የአዳራሹ ዘበኛ «እትዬ፣ ነገ ደግሞ አልጋዋን ያምጡላት» አለኝ። ሰበብ አለቀብኝ።

በዚያው አዳራሽ፣ በሌላ ሰዓት፣ እኛ እናቶች መሠረተ ትምህርት እንማር ነበር። ግድግዳው ላይ በትልልቁ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ያለ ማንም እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ያን ቀን ለበሽር አነበብኩለት፤ ለጎረቤት አነበብኩለት፤ ጭድ ሊያራግፍ ለመጣው ሾፌርም ግድግዳው በሌለበት በቃሌ አነበብኩለት። አንድ ቀን ታዲያ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «ያልተማረ ይማር» ይላል እንጂ «ያልተማረ ፊደል ብቻ ይማር» አይልም።

በማግስቱ ጋሽ ደምመላሽ ፊት ቆምኩ።

«ጃንጥላ ከሆነ ልጅቷ አላት፣ እትዬ ጠሂራ» አለኝ።

«ጃንጥላ አይደለም። ክራር ልማር ነው።»

«ማን?»

«እኔ። ያልተማረ ይማር ይላል» ብዬ ግድግዳውን በጣቴ አሳየሁት።

ግድግዳውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረውን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር፣ ጓድ ከተማን አየ። ጓድ ከተማ በኩራት ራሱን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቀ ነበር።

«ይቀመጡ» አለኝ ጋሽ ደምመላሽ በቀጭን ድምፅ።

ሄጄ ከጀሚላ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከኋላ ሆኜ ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። ደስ ብሏት ነው አልኩ በልቤ።

በሽር ከምናለሽ ተራ ክራር ገዛልኝ። ሆዱ የቆርቆሮ ሳህን ነው፤ ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው። ሲመቱት ሳህንም ብስክሌትም መሆኑን አልረሳም ነበር። ስድስት ክር አለው፤ ለእኔ ግን ስድስቱም አንድ ክር ነበሩ። ጋሽ ደምመላሽ የሚያስተምረው በጆሮ ነው። እሱ ያንጎራጉራል፣ ልጆቹ በጣታቸው ይቀበሉታል። እኔ የምቀበልበት ጆሮ የለኝም። ዓይን ግን አለኝ፤ ያውም ፊደል በቅርብ ያየ ዓይን! ስለዚህ ከቁስል ፕላስተር ላይ ቆራርጬ፣ ክሮቹ በሚጠመጠሙበት በላይኛው እንጨት ላይ፣ በእያንዳንዱ ክር ራስ ፊደል ለጠፍኩበት። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ።

«ሆ ክር አልደረሳትም» አልኩት ጋሽ ደምመላሽን፣ አንድ ክር የሰረቁኝ መስሎኝ።

«ሆን ሕዝቡ ይላታል፣ እትዬ። እርስዎ ስድስቷን ብቻ ይምቱልኝ።»

ልጆቹ ለመሠረተ ትምህርት በዓል ያዘጋጁት አንድ አጭር ዜማ ነበር። እሱን ፊደል በፊደል አጠናሁት፤ «ሀ ሂ ሂ ሄ፣ ህ ሄ ሂ ሁ ሀ» እያልኩ። መንገድ ላይም እየደጋገምኩት ስለምሄድ፣ ራጉኤል በር ላይ የተቀመጡ አንድ አሮጊት «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ።

ጋሽ ደምመላሽ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በየክራሩ ራስ ላይ ያሉትን መቃኛዎች እየጠመዘዘ ጆሮውን ያስጠጋል። ሲባጎ ስወጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። እየወጠረ ነው፤ እንዳይላላ። ባለሙያ ነው አልኩ፤ ወደድኩት።

አንድ ነገር ልመን፤ አንድ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ቢሆንም ሌላው ጀሚላ ላይ ነበር።

«ያ ከበሮ የሚመታው ልጅ የማን ነው?» እላታለሁ ከጀርባዋ።

«እማ፣ ዝም በይ።»

«የማን ነው አልኩ እንጂ ምን አልኩ?»

«የከበሮው ነው።»

ስንመለስ ከጓደኞቿ ጋር ጎን ለጎን ከሄደች መሐላቸው እገባለሁ። እኔ ስገባ ወሬያቸው ይቆማል። ድካም ነው እል ነበር። አንድ ቀን አዳራሽ ልገባ ስል አንዱ ልጅ «አብዮት ጥበቃዋ መጣች!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። እኔ ጠብመንጃ የያዙት መጡ ብዬ ዘልዬ ጀሚላን ከኋላዬ ደበቅኳት፤ እጆቼን ዘርግቼ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም የለም። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። አብዮት ጥበቃዋ እኔ ነበርኩ። ለካ ያንን ስም ካወጡልኝ ሰንብቷል።

ያን ቀን እቤት ስንደርስ ጀሚላ ደብተሯን ጭዱ ላይ ወረወረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ አልሄድም።»

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። አንቺ አለሽ አይደል? ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቤቴ ውስጥ፣ ዓይኔ ሥር፣ ጭድ ትሞላለች። ከዚህ በላይ ምን ልመኝ? ግን ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ቤቱ ፀጥ አለብኝ። ጀሚላ ድሮ ያገኘችውን ሁሉ በጣቷ የምትነካ ልጅ ነበረች፤ የሳህን ጠርዝ፣ የጠርሙስ አፍ፣ እኔ የወጠርኩትን ሲባጎ ሳይቀር ጥንግ አድርጋ ሳትሰማው አታልፍም። አሁን ሲባጎው አፍንጫዋ ሥር ተወጥሮ አትነካውም። ስጠይቃት ትመልሳለች፤ ካልጠየቅኳት አትናገርም። አጠገቤ ተቀምጣ ጠፋችብኝ።

በሽር ሲንጀሩን አቁሞ አየኝ። «ልጅሽን ከቀበሌ ልትጠብቂ ሄደሽ፣ ከክራር ጠበቅሻት» አለኝ።

እኔ ልተው፣ እሷ ትመለስ ብዬ አሰብኩ። ነገርኳት።

«ብትተዪውም በር ላይ ትቆሚያለሽ» አለችኝ ጭዱን እየጠቀጠቀች።

«አልቆምም!»

«እማ።»

እውነቷን ነበር። እቆማለሁ።

መተውም ቢሆን ከእጄ ወጥቷል። ጓድ ከተማ የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት በዓል ላይ «ከድንቁርና ጨለማ ወጥተው ኪነትን የታጠቁ እናት» ብሎ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶኛል። ጋሽ ደምመላሽ ጋ ሄጄ ልጄን መልስልኝ አልኩት።

«ልጅቷ ጣት አላት፤ ጆሮ አላት» አለኝ ተክዞ። «ስትቀርብኝ ቡድኑ ግማሹ የቀረ ያህል ነው።»

«እኔስ? እኔ ምን አለኝ?»

ብዙ አሰበ። «እርስዎ ጽናት አለዎት።»

እኔም ጽናት ካለኝ አይቀር ብዬ አንድ ዘዴ አወጣሁ። ጀሚላ ያፈረችው በእኔ ነው፤ ታዲያ በበዓሉ ቀን አሳምሬ ከመታሁ ማን ይስቅባታል? «የዚያች ክራር መቺ ልጅ» ይሏታል። ደረቷን ነፍታ ትመለሳለች። ይህን ያህል ቀላል ነገር እስካሁን እንዴት አልታየኝም ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ በሰላም ያደረ ሰው በጭድ ተራ የለም። ገዢ ሲመጣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብዬ «ሀ ሂ ሂ ሄ» እያልኩ እመታለሁ። አንዱ ገዢ ፍራሹን እየዳበሰ «እሷም አብራ ነው የምትሸጠው?» ብሎ በሽርን ጠየቀው። «እሷን በምራቂ እሰጥሃለሁ» አለው በሽር። ሰውዬው ፍራሹንም ሳይገዛ ሄደ።

የተማረ ያስተምር ስለሚል ደግሞ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዬ ወለተ ማርያም ናት፤ ከእኔ ጋር መሠረተ ትምህርት የምትማር፣ ከእኛ ማዶ ገመድና ኬሻ የምትሸጥ ጎረቤቴ። እኔ የማውቀው አንድ ዜማ ነው፤ እሱኑ በሙሉ ክብር አስተማርኳት። «ሀን ንኪ። አይደለም፣ እሷ ሁ ናት፤ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም እንዴ?» እያልኩ። በትንሽ ጊዜ ከእኔ አስበልጣ መታችው።

«እንዴት ቻልሽው?» አልኳት፣ ቅር ብሎኝ።

«የአንቺን ፊደል ትቼ ዜማውን ሰማሁት። ግን ጠሂራ፣ ክራርሽ ማታ ማታ ለምንድን ነው እንደ በሽተኛ የሚያቃስተው? ጠዋት ሲሆን ደህና ነው።»

«አዳር ይሻለዋል» አልኳት። «እንደ እኔ ወገብ።»

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በሽር ጀሚላን እንደ ምንም ብሎ አምጥቷት መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጓድ ከተማ ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔ ግን የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። ከእኔ በፊት ኪነቶቹ አንድ ዘፈን ነበራቸው። ሊጀምሩ ሲሉ የአንዷ ልጅ ክራር ክሩ ተበጠሰ። ጋሽ ደምመላሽ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ክራርዎን አንዴ ያውሱኝ!»

የደስታ እንባዬ መጣ። ከዚያ ሁሉ ክራር መሐል የእኔ ሳህን ተፈለገ! እዚያው ቆሞ መቃኛዎቹን ቶሎ ቶሎ ጠመዘዘ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ እንደገና ጠመዘዘ።

«በደንብ ወጥረው» አልኩት። «በሕዝብ ፊት እንዳያሳፍረኝ።»

ልጆቹ በባቲ ቅኝት ተጫወቱ። አገሬ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ ገበያው፣ ግመሉ፣ አቧራው። ሲጨርሱ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ዘፈኑ እንዳለቀ ክራሬ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ተመለሰልኝ፤ ወዲያው ስሜ ተጠራ። ጋሽ ደምመላሽ የተበጠሰውን ክር ሊቀጥል ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ነበር።

ወጣሁ። ቆምኩ። ፊደሎቼን አየሁ፤ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ቢስሚላህ ብዬ ሀን ነካሁ። ሀ ደህና ነበረች። ሂን ስነካት ሌላ ሰው መለሰልኝ።

ጣቴ ስቷል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሀ። ሂ። ያው ሰውዬ ነው። ቀጠልኩ፤ ሄ፣ ህ፣ ሄ። ከክራሩ የሚወጣው ነገር መንገድ ጠፍቶት በየቤቱ ደጃፍ እየቆመ የሚጠይቅ ሰው ይመስላል። ጓድ ከተማ አለቀ ብሎ አጨበጨበ፤ እኔ ስቀጥል እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ከመጋረጃው ጥግ ጋሽ ደምመላሽ ብቅ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ እጁን በአየር ላይ ይጠመዝዝልኛል። ገባኝ። አጠንክረው ይምቱት ማለቱ ነው። አጠነከርኩት።

«እትዬ!» አለ አንዱ ከመሐል፣ «ክራሩ የየት አገር ቋንቋ ነው የሚያወራው?»

ሳቅ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ተምሬ፣ አንድም ሳልሳሳት መትቼ! ክራሩን ወደ ሕዝቡ አዞርኩትና ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ እያሳየሁ ጮኽኩ።

«ይኸው! ሀ! ሁ! ሂ! ሃ! ሄ! ህ! ፊደሉ ልክ ነው!»

አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሰው ወንበር ላይ ተደፋ። ወለተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ጓድ ከተማ ግን ለእንዲህ ያለ ቀን የተፈጠረ ሰው ነው። ብድግ አለና እጁን አንሥቶ «ጓዶች! ማንበብ መቻላቸውን በሕዝብ ፊት አስመስክረዋል!» አለ። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። የምስክር ወረቀቴን ሰጠኝ።

እኔ የማየው መጨረሻውን ወንበር ብቻ ነበር። ጀሚላ ፊቷን አባቷ ትከሻ ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀ አልኩ። አሁንስ ክራር ሲባል ከአገር ትሰደዳለች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ወረቀቴን ጠቅልዬ ራሴን ደፍቼ እሄዳለሁ። በሽር ወሬ ያገኘ ሰው መስሎ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ጀሚላ አጠገቤ ትሄዳለች። አሁንም ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አታልቅሺ ልጄ» አልኳት። «ሁለተኛ አልነካውም።»

ፊቷን አነሣች። እንባዋ ይወርዳል፤ ግን አታለቅስም ነበር። «ፊደሉ ልክ ነው!» አለችና መንገዱ መሐል ቁጢጥ ብላ ሆዷን ያዘች። አንድ ተሸካሚ በላያችን ላይ ሊወድቅ ሆነ፤ «ዞር በሉ ከመንገድ!» ብሎ ሰደበን። እኔም ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሁለታችንም ግድግዳ ተደገፍን።

ትንፋሿ ሲመለስ «እማ፣ ጋሽ ደምመላሽ ክራሩን ወደ ባቲ እኮ አዞረው» አለችኝ። «ያንቺ ዜማ የትዝታ ነው።»

«ፊደሎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።»

«ፊደሎቹ እንጨቱ ላይ ናቸው። ድምፁ ከሥራቸው ተቀይሯል። መቃኛው ሲዞር ክሩ ሌላ ድምፅ ይሆናል።»

«እንዳይላላ የሚወጥሩት መስሎኝ!»

«ፍራሽ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «በየጠዋቱ ማን የሚቃኝልሽ ይመስልሻል? ማታ እየደበደብሽ ታበላሺዋለሽ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አስተካክለዋለሁ። እንደዚያ ሲያቃስት መስማት አልቻልኩም» አለችኝ።

ቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ አፏን ዘግታ ባኮረፈችኝ ጊዜ፣ በየጠዋቱ ክራሬን እያነሣች ነበር። እኔ ደግሞ አዳር ተሻለው እያልኩ። ባቲ የተወለድኩ ሴት ባቲ ቅኝት በራሴ ክራር ላይ መጥቶ አላወቅኩትም፤ ልጄም ዘወትር ጠዋት እጇን ዘርግታልኝ አላወቅኳትም።

«ተመለሺ» አልኳት። «አዳራሽ ተመለሺ ልጄ።»

«አንቺ ከቀረሽ።»

«እቀራለሁ። እስከ በሩ ብቻ ሸኝቼሽ እመለሳለሁ።»

«አይሆንም።»

«እሺ፣ እስከ መሳለሚያ።»

«እማ።»

«እስከ ራጉኤል በር! ከዚያ ወዲያ ብጠፊ አልጠይቅሽም።»

«ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ነው የምመጣው።»

ገዢ ሳይሆን ሻጭ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ገዢ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። «የጭድ ተራ ጫፍ» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። «ወለተ ማርያም ሱቅ ድረስ፤ ማዶ እኮ ነው፣ ከቤታችን ይታያል!» ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው የመጨረሻሽን ንገሪኝ።»

«ደጃፍ።»

«የማን ደጃፍ?»

«የራሳችን።»

ከደጃፋችን የሚነሣውን መንገድ አሰብኩ። ያ መንገድ እንድሪስ የሄደበት መንገድ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ስታየኝ ዓይኗ ለስለስ አለ፤ ዋጋው ግን አልወረደም።

«ምራቂስ የለውም?» አልኳት በደከመ ድምፅ።

«ምራቂው፣ ስመለስ የዕለቱን አስተምርሻለሁ። አዳራሽ ብቅ ካልሽ ግን ምራቂው ቀረ።»

ተስማማን። እጅ ተማታን።

በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሻርፗን አስተካከልኩላት፤ እጄን አልገፋችውም። ሄደች። አንዴም ዞር አላለችም። ከጭድ ክምሩ ጀርባ ስትሰወር እግሬ በራሱ ሊነሣ ሲል በሽር ከውስጥ «ጠሂራ! ጭዱ ይጠብቅሻል!» ብሎ ጮኸ።

ገባሁና ሞላሁ። የፍርሃቴን ያህል ጠቀጠቅኩት፤ በሲባጎ ወጠርኩት፤ እንደገና ወጠርኩት። ያን ፍራሽ የገዛው ሰው በማግስቱ ተሸክሞት መጥቶ «ሴትዮ፣ ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ የራጉኤል ግንብ?» ሲል ያሳየን ወገቡ ጥቁር ነበር። እሱ ግን የማግስቱ ጉዳይ ነው። ያን ቀን እኔ የማየው በሩን ነው። የአስር ሰላት አለፈ። ጥላው ከማዶ ሱቅ ወደ እኛ ተሻገረ። ነጋዴው ሁሉ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። የበሽርም ሲንጀር ቆሞ ነበር፤ እሱም በሩን ያይ ነበር።

መግሪብ ሳይደርስ ጀሚላ በር ላይ ቆመች።

ፊቷ በላብ ረጥቧል፣ ይስቃል። ጣቷ የበሩን ቆርቆሮ እየመታ ነው። አፌ ውስጥ ስንት ጥያቄ ተሰልፎ ነበር! ለምን ዘገየሽ፣ በየት በኩል መጣሽ፣ ከማን ጋር፣ ያ የከበሮው ልጅ አብሮሽ ነበር ወይ፣ መንገድ ላይ ያናገረሽ ሰው አለ ወይ። ሁሉም በአንድ ላይ ሊወጡ ጥርሴ ላይ ደረሱ።

እሷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ክራሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች። መቃኛውን ጠመዘዘች። ክሩን ነካችው፣ ሰማችው፣ እንደገና ጠመዘዘችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። የምጠይቀውን ታውቀዋለች፤ እየጠበቀችኝ ነበር።

አጠገቧ ጭዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«የቱን ክር ነው ከፍ ያደረግሽው?» አልኳት።